የችሎታ ባለቤት ማን ነው? ስለ ስጦታ፣ ስለ ጀፎረና ስለ ኤማ ሜሰማን

አንድ ሰው ከሌሎች በላይ የመሮጥ፣ የመዝፈን፣ የመነገድ ወይም ኳስ የመጫወት ችሎታ ይዞ ሲገኝ፣ ያ ችሎታ የራሱ ሀብት ነው ወይስ በአደራ የተቀመጠበት የሌላ ወገን ንብረት ነው የሚለው ጥያቄ፣ በፍልስፍናም ሆነ በሃይማኖት ትምህርት ውስጥ ረጅም ዘመን ሲያወያይ የኖረ ነው። ጥያቄው በጉራጌ ምድር፣ በተለይም በወልቂጤና በቡታጅራ፣ የተለየ ክብደት አለው፤ ወልቂጤ በአዲስ አበባና በጅማ መካከል፣ ቡታጅራ ደግሞ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ በሆሳዕና መንገድ ላይ የተቆረቆሩ፣ ልጆቹን አሳድጎ ወደ መርካቶና ከዚያም አልፎ ወደ ሩቅ አገር በመሸኘት የሚታወቅ ሕዝብ መውጫና መግቢያ በሮች ናቸውና። ወጥቶ የተሳካለት ልጅ ለቀረው ወንድሙ፣ ለመንደሩና ለከተማው ምን ዕዳ አለበት የሚለው ጉዳይ በእነዚህ ከተሞች በዕድር፣ በሠርግና በመስቀል በዓል ወቅት በተግባር የሚነሣ እንጂ በመጻሕፍት ውስጥ ብቻ የሚኖር አይደለም።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከነጋዴ ሕይወት ይልቅ የስፖርተኛ ሕይወት ይበልጥ ይመቻል። የነጋዴ ሀብት ከመነሻ ገንዘብ፣ ከዘመድ እርዳታ፣ ከገበያ ዕድልና ከመንግሥት ፖሊሲ ጋር የተጠላለፈ በመሆኑ የቱ የራሱ፣ የቱ የሌላ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል፤ የስፖርተኛ ችሎታ ግን በቁመቱ፣ በእግሩና በእጁ ላይ በግልጽ የሚታይ ስለሆነ፣ የእርሱና የእርሱ ብቻ የሆነ ነገር በዓለም ላይ ካለ ይኸው ነው የሚያሰኝ ነው። ይህ ግልጽነት ግን እስከ መጨረሻው የሚጸና አይደለም፤ ይህንንም ከዘመናችን ታላላቅ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች አንዷ የሆነችው የቤልጅየማዊቷ የኤማ ሜሰማን የጨዋታ ሕይወት በደንብ ያሳያል።

ሜሰማን እ.ኤ.አ. በ1993 በምዕራብ ፍላንደርስ በምትገኘው በኢፕር ከተማ የተወለደች፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ93 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ እናቷም በዘመኗ የታወቀች የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የነበረች ናት። እ.ኤ.አ. በ2013፣ ድራፍት በሚባለውና የአሜሪካ የሴቶች ሊግ ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ በ19ኛ ተራ በዋሽንግተን ሚስቲክስ ተመረጠች። የአሜሪካው የሴቶች ሊግ በበጋ ወራት ብቻ የሚካሄድ በመሆኑ፣ የዚያ ትውልድ ምርጥ ተጫዋቾች ክረምቱን በአውሮፓ ክለቦች ሲጫወቱ ይከርሙ ነበር፤ እርሷም በሩሲያው የየካተሪንበርግ ክለብ፣ በኋላም በቱርክ በፌነርባቼ ስትጫወት በሁለቱም የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫን አንሥታለች። ይህ ማለት ዓመቱን ሙሉ አንድ አካል ለሦስት ጌቶች፣ ማለትም ለአሜሪካ ክለብ፣ ለአውሮፓ ክለብና ለብሔራዊ ቡድን ያገለግላል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ሜሰማን የአሜሪካውን የውድድር ዘመን ትታ ከብሔራዊ ቡድኗ ጋር መሥራትን መረጠች። በዚያው ዓመት ዋሽንግተን ያለ እርሷ ለፍጻሜ ደርሶ በሲያትል ስቶርም 3 ለ 0 ተሸነፈ፤ ቤልጅየም ደግሞ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የዓለም ዋንጫ አራተኛ ሆና አጠናቀቀች። በተከታዩ ዓመት ተመልሳ ከተቀያሪዎች ወንበር እየተነሣች ስትጫወት፣ ክለቧ ኮኔቲከት ሰንን 3 ለ 2 አሸንፎ የመጀመሪያውን ዋንጫ አገኘ፤ በወሳኙ አምስተኛ ጨዋታ 22 ነጥብ ያስቆጠረችው ሜሰማንም የፍጻሜው ኮከብ ተብላ ተሸለመች። የአገሯ ብሔራዊ ቡድንም እ.ኤ.አ. በ2023 ስፔንን 64 ለ 58፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ እንደገና ስፔንን 67 ለ 65 አሸንፎ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሲሆን፣ በሁለቱም ጊዜ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች እርሷ ነበረች።

እንግዲህ ፈላስፋ ሊያቆምበት የሚገባው ቦታ ዋንጫዎቹ ሳይሆኑ የ2018ቱ ውሳኔ ነው። የዋሽንግተን ደጋፊ፣ ቡድናችን በፍጻሜ የተሸነፈው አንዲት ተጫዋች በሌለችበት ነውና ዕዳ አለባት ቢል፣ የቤልጅየም ዜጋ ደግሞ ያሳደገቻት አገሯ ናትና ዕዳዋን ከፈለች እንጂ ምንም አላደረገችም ቢል፣ ሦስተኛው ሰው መጥቶ ሁለታችሁም ዝም በሉ፣ አካሉ የእርሷ ስለሆነ እንደ ፈቀደችው ታድርግ ቢል፣ ከሦስቱ የማን ቃል ይጸናል?

ይህ ሦስተኛው መልስ በዘመናዊ የፖለቲካ ፍልስፍና ውስጥ ኃይለኛ ጠበቃ አግኝቷል፤ የሚደንቀውም ጠበቃው ለክርክሩ የመረጠው ምሳሌ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች መሆኑ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ሮበርት ኖዚክ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፉ ዊልት ቻምበርለይን የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1962 በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ ያስቆጠረውን ግዙፍ ተጫዋች ይጠራል። ሀብት ሁሉም ሰው ፍትሐዊ ነው ብሎ በተቀበለው መንገድ ተከፋፍሏል እንበል ይላል ኖዚክ፤ ከዚያም አንድ ሚሊዮን ተመልካች ቻምበርለይንን ለማየት ሲል በገዛ ፈቃዱ ከመግቢያ ዋጋው 25 ሳንቲም ለእርሱ ቢሰጥ፣ በዓመቱ መጨረሻ ተጫዋቹ 250,000 ዶላር ይዞ ይገኛል። ሰጪዎቹ ገንዘቡን የሰጡት ማንም ሳያስገድዳቸው ከሆነ፣ ይህን ሀብት ከእጁ የሚወስድ መንግሥት በምን መብት ይወስዳል? ከዚህ ክርክር ሥር ያለው እምነት ሰው የገዛ ራሱ ባለቤት ነው፣ ስለዚህም የችሎታው ፍሬ ባለቤት ነው የሚል ነው።

ኖዚክ የተከራከረው በሃርቫርድ የሥራ ባልደረባው ከነበረው ከጆን ሮልስ ጋር ነው። ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ፍትሕ ባሳተመው ሥራው፣ ሰው ረጅም ሆኖ ወይም ፈጣን ሆኖ መወለዱ በሥራው ያገኘው ነገር ባለመሆኑ ከሥነ ምግባር አንጻር እንደ ዕጣ የሚቆጠር ነው፣ ስለዚህም የኅብረተሰብ ሥርዓት መቆም ያለበት ዕጣው የወጣላቸው ሰዎች በዕድላቸው ሲጠቀሙ ዕጣው ያልወጣላቸውም አብረው እንዲጠቀሙ በሚያደርግ መንገድ ነው ብሎ ያስተምራል። በዚህ አስተያየት የተሰጥኦ ልዩነት ለሁሉም ጥቅም የሚውል የጋራ ሀብት ይመስላል።

ሁለቱም ወገኖች እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን አንድ ነገር ዘለዋል። ቻምበርለይን የተጫወተውን ጨዋታ የፈጠረው ጄምስ ናይስሚዝ የተባለ መምህር ነው፤ የፈጠረውም እ.ኤ.አ. በ1891 በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ ተማሪዎቹ በክረምት ቤት ውስጥ የሚጫወቱት ነገር እንዲያገኙ ብሎ ነው። ቻምበርለይን መቶ ዓመት ቀድሞ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ፣ 2 ሜትር ከ16 ሳንቲ ሜትር የሆነው ቁመቱ አላፊ አግዳሚውን ከማስደነቅ በቀር የሚፈይደው ነገር ባልነበረም። ችሎታ የሚባለው ነገር በአካል ውስጥ ያለ ኃይል ብቻ ሳይሆን፣ ያ ኃይል ዋጋ እንዲያገኝ ሌሎች ካዘጋጁት ሜዳ፣ ካወጡት ሕግ፣ ካፈሩት አሠልጣኝና ካሰባሰቡት ተመልካች ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነገር ነው። አርስቶትል ምርጡ ዋሽንት ለማን ይገባል ብሎ ሲጠይቅ፣ በውበት ወይም በዘር ለሚበልጠው ሳይሆን በመንፋት ለሚበልጠው ይገባል ብሎ መልሷል፤ ይህ መልስ ትክክል ቢሆንም ዋሽንቱን የሠራውን ሰው አይጠቅስም። ኖዚክም ሮልስም በተጫዋቹና በተመልካቹ፣ በዕድለኛውና በዕድለ ቢሱ መካከል ሲመላለሱ፣ ሜዳውን የጠበቀውን ሰው ረስተውታል።

የሃይማኖት ትምህርት ወደዚህ ነጥብ በሌላ መንገድ ይደርሳል። በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ እንደሚነበበው፣ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ጌታ ለአንዱ አገልጋዩ አምስት፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ ለሦስተኛው አንድ መክሊት ይሰጣል፤ መክሊት በዘመኑ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው የገንዘብ መለኪያ ነበር። በስብከትም ሆነ በዕለት ንግግር ይህ መክሊት የተፈጥሮ ችሎታ ተደርጎ ይተረጎማል። ምሳሌው በጥንቃቄ ሲነበብ ግን ጌታው መክሊቱን ያከፋፈለው ለእያንዳንዱ እንደ አቅሙ መሆኑ ተጽፏል፤ አቅም መክሊቱ ከመሰጠቱ በፊት የነበረ ነገር ነው ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ በአደራ የተሰጠው ነገር አቅሙ ሳይሆን አቅሙ የሚሠራበት ዕድል፣ ማለትም ካፒታሉ፣ ሜዳው፣ ጊዜው ነው። ይህ አነባበብ ከተለመደው ስብከት ይለያል፤ ቢሆንም የአገልጋዮቹን ተጠያቂነት አያቀልም፣ እንዲያውም ተጠያቂነቱ በምን ላይ እንደሆነ የበለጠ ያጠራዋል።

በቡታጅራና በዙሪያዋ በርካታ ተከታይ ያለው የእስልምና ትምህርትም ተመሳሳይ አቋም አለው። አማና ማለት ባለቤቱ ሲጠይቅ ሳይጎድል የሚመለስ አደራ ሲሆን፣ ሰው በፍርድ ቀን ዕድሜውን በምን እንዳሳለፈው፣ በዕውቀቱ ምን እንደ ሠራበት፣ ገንዘቡን ከየት አግኝቶ በምን ላይ እንዳዋለው፣ አካሉንም በምን ላይ እንዳደከመው እንደሚጠየቅ በሐዲስ፣ ማለትም ከነቢዩ ሙሐመድ በተላለፉ ቃሎች፣ ይነገራል። አካል በዚህ ዝርዝር ውስጥ መግባቱ ለስፖርተኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት አካሉን የሚያደክም ሰው ስለ ድካሙም መልስ የሚሰጥበት አለው።

ከኢትዮጵያ ስፖርተኞች መካከል ይህን የአደራ አስተሳሰብ በሕይወቱ የኖረው አበበ ቢቂላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም በባዶ እግሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው ይህ የክብር ዘበኛ ወታደር፣ እ.ኤ.አ. በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ድሉም አደጋውም የእግዚአብሔር ፈቃድ እንደሆኑ ተናግሮ ሁለቱንም እኩል መቀበሉ የታወቀ ነው። እግሮቹን ካጣ በኋላ በእንግሊዝ አገር በአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀስት መወርወሩ፣ በኖርዌይም በውሾች በሚጎተት ተንሸራታች ውድድር ማሸነፉ፣ አደራ ተቀባይ ሰው ከአደራው ከፊሉ ሲወሰድበት በቀረው እንደሚሠራ ያሳያል። እግሮቼ የእኔ ነበሩ ብሎ የሚያምን ሰው ሲያጣቸው ተዘርፏል፤ አበበ ግን ራሱን እንደ ተዘረፈ ሰው አልቆጠረም።

ሆኖም በዚህ የሃይማኖት መልስ ላይ አንድ አደገኛ እርምጃ ይከተላል። ችሎታ የእግዚአብሔር አደራ ነው ከተባለ በኋላ፣ መንግሥት ወይም ጎሳ ወይም ከተማ ተነሥቶ አደራውን ተቀባይ እኔ ነኝ ይላል። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ስፖርተኞቹን የሕዝብ ንብረት አድርጎ በቆጠረ መንግሥት ሁሉ ውስጥ ይህን አይቷል፤ የሰው አካል በሕዝብ ስም ሲታዘዝ፣ ፈጣሪ ብቻ ሊቀመጥበት በሚገባው ወንበር ላይ ሹመኛ ይቀመጣል። አደራ ሰጪው እግዚአብሔር ነው የሚለው እምነት በትክክል ከተያዘ የሚያስተምረው ተቃራኒውን ነው፤ ማንም ሰው በሌላው ሰው ችሎታ ላይ የባለቤትነት ሰነድ ሊያወጣ አይችልም።

የሰውን ነፃነት ሳይደፍር ዕዳውንም የማይሰርዝ መልስ ካለ፣ በጉራጌ ሕዝብ ኑሮ ውስጥ በተግባር ተሠርቶ ይገኛል። ጀፎረ በጉራጌ መንደር መካከል የሚዘረጋ፣ በሁለቱም ወገን ቤቶች የሚሰለፉበት፣ ሣር የለበሰ ሰፊ አውራ ጎዳና ነው። ሠርግ የሚታጀበው፣ አስከሬን የሚሸኘው፣ መስቀል የሚከበረው፣ ሽማግሌ ለዕርቅ የሚቀመጠው፣ ፈረስ የሚጋለበው፣ ልጅም የሚጫወተው በዚሁ ላይ ነው። ማንም በግሉ አጥሮ አይዘው፣ ማንም አያርሰው፣ ማንም አይሸጠው፤ ድንበሩ በባህላዊ ሕግ የተጠበቀ ሲሆን፣ ሕጉም በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ በሚባለው ሸንጎ፣ በክስታኔ ደግሞ በጎርደና ሥርዓት የሚዳኝ ነው። መሬት እጅግ በሚያጥርበትና የእንሰት ጓሮ በክንድ በሚለካበት አገር፣ ሕዝቡ ይህን ያህል ሰፊ መሬት ሳይታረስ እንዲኖር መፍቀዱ ትልቅ የሐሳብ ውሳኔ ነው፤ ከዚህ መሬት ሊገኝ ይችል የነበረውን ቆጮ ለጋራ ሕይወት መሥዋዕት አድርጎታል።

ጀፎረ ለዚህ ጥያቄ ያለው ትርጉም የሚገለጠው ልጅ በላዩ ሲሮጥ ነው። ሯጩ ልጅ ነፃ ነው፤ ሩጥ ብሎ የሚያዝዘው፣ ፍጥነቱንም የመንደሩ ነው ብሎ የሚመዘግብበት የለም። የሮጠበት ሣር ግን እርሱ ሳይወለድ በፊት ላለማረስ የተስማሙ ሰዎች የተዉት ነው። የልጁ ዕዳ በእግሩ ላይ ያለ ሳይሆን በሜዳው ላይ ያለ ነው፤ የሚከፈለውም ሜዳውን ባለማጠርና ለሚቀጥለው ልጅ በመጠበቅ ነው። እንሰትን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ዛሬ ተፍቆ ቆጮ የሚሆነው እንሰት ከዓመታት በፊት የተተከለና ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ደጋግሞ የተዛወረ ነውና፣ የሚበላው ሰው የሚያመሰግነው በመትከል ነው።

ይኸው አስተሳሰብ ከመንደር ወጥቶ በከተማ ሲሠራ የታየው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች፣ ከባለ ሱቁ ጀምሮ እስከ ሊስትሮውና እስከ ቀን ሠራተኛው ድረስ፣ የመንገድ ሥራ ማኅበራት አቋቁመው ገንዘብ በማዋጣት ወደ ትውልድ አገራቸው መንገድ እንዲገባ አድርገዋል፤ ከአለም ገና በቡታጅራ በኩል ወደ ደቡብ የሚዘልቀው መንገድ የተነሣው በእንዲህ ያለ ማኅበር ነው። የእነዚህን ማኅበራት አሠራር ያጠኑ የኅብረተሰብ ሳይንስ ምሁራን እንደ መረዳጃ ተቋም ይገልጿቸዋል፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን በማኅበራቱ ውስጥ ከመረዳዳት የጠለቀ ፍልስፍና አለ። አዋጪው ነጋዴ ሱቁ የራሱ መሆኑን ማንም አልካደበትም፤ ሀብቱን ለመንደሩ አስረክብ ያለውም የለም። የተጠየቀው ከቤቱ ያወጣችውን ጠባብ መንገድ ከኋላው ለሚመጣው እንዲያሰፋ ነው። ያላዋጣ ሰው እስር ቤት አልገባም፤ ቢሆንም በለቅሶና በሠርግ ላይ የሰው ዓይን ማየት ይከብደው ነበር። እንዲህ ያለው ግዴታ ከሕግ የላላ፣ ከምጽዋት የጠበቀ ነው። የምዕራቡ ፍልስፍና በግብርና በልገሳ መካከል ባዶ አድርጎ የተወው ቦታ ይህ ነው፤ የጉራጌ ሽማግሌዎችና ነጋዴዎች ያለ መጽሐፍ ሞልተውታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ የኅብረተሰብን ይሉኝታ ያለ ገደብ ማመስገን የራሱን የጉራጌን ታሪክ መካድ ይሆናል። ሰው የሚፈራው ዓይን ሁልጊዜ ትክክለኛ ዓይን አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የኖረችው የቃቄ ውርድወት በጉራጌ የቃል ታሪክ የምትዘከረው፣ ሴት ልጅ ባሏ ሳይፈቅድ ፈትታ ሌላ እንዳታገባ የሚያስረውን፣ አንቂት የሚባለውን ልማድ በመቃወም በየጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ በመከራከሯ ነው። ንግግር አዋቂነቷና ድፍረቷ ያለ ጥርጥር ችሎታዎች ነበሩ፤ መንደሩ ግን እነዚህን ችሎታዎች እንደ ስጦታ ሳይሆን እንደ ስድነት የቆጠረበት ጊዜ ነበር። እንግዲህ ጀፎረው ለሁሉም ክፍት ነው ሲባል በእርግጥ ለማን ክፍት እንደ ነበር መጠየቅ ግድ ነው። በቤት ውስጥ እንሰት ስትፍቅ የምትውል ልጅ ሜዳው በደጇ ቢዘረጋም አትሮጥበትም፤ ያልሮጠችበትን ሜዳ ዕዳ ክፈይ ማለትም ግፍ ነው። የኅብረተሰብ ጥያቄ ፍትሐዊ የሚሆነው በቅድሚያ ሰውየውን ወይም ሴትዮዋን ነፃ ካወጣ በኋላ ብቻ ነው። ውርድወት የተከራከረችው በዚያው በማኅበረሰቡ ሸንጎ ውስጥ፣ በማኅበረሰቡ ሕግ ቋንቋ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ ሥርዓቱን ጥላ አልሄደችም፣ ሥርዓቱ ራሱ እንዲሰማት ጠየቀች እንጂ።

በዚህ ብርሃን የሜሰማን ውሳኔ ሲታይ ነገሩ ይጠራል። ዋሽንግተን ከእርሷ ጋር የነበረው ግንኙነት የውል ግንኙነት ነው፤ ውል የሚጠይቀው በውሉ የተጻፈውን ያህል ነው፤ ከዚያ ያለፈው የደጋፊ ቅሬታ የሚገባ ስሜት ቢሆንም የመብት ጥያቄ አይደለም። የቤልጅየም ጥያቄ የተለየ ነው፤ ግን ዜግነት ባለቤትነት ስለሆነ አይደለም። ከሜሰማን በፊት አን ዋውተርስ የምትባል ተጫዋች ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካው ድራፍት በአንደኛ ተራ የተመረጠችው ይህች ሴት በዓለም ላይ የታወቀች ብትሆንም፣ ቤልጅየም በዘመኗ አብዛኛውን ጊዜ በታላላቅ ውድድሮች ላይ አልነበረችም። ዋውተርስ ግን በአርባ ዓመቷ፣ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ከሜሰማን ጋር በአንድ ቡድን ተሰልፋ፣ በሩብ ፍጻሜ በጃፓን በአንድ ነጥብ ብቻ ተሸንፈው ሲወጡ አብራ ነበረች። ሜሰማን በ2018 የከፈለችው ዕዳ ካለ ለባንዲራ ሳይሆን ሜዳውን ሳታጥር ላቆየችላት ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ነው፤ የከፈለችውም ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት፣ ከእርሷ በኋላ ለሚመጡት ነው።

የ2025ቱ የፍጻሜ ጨዋታ ደግሞ ይህን ክርክር ከሌላ ወገን ያጠናክረዋል። ቤልጅየም በስፔን በሰፊ ነጥብ ተበልጣ ቆይታ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ተነሣች፤ የኮከብነቱ ሽልማት ለሜሰማን ቢሰጥም፣ ድሉን ያረጋገጠው የመጨረሻ ቅርጫት የአንቶኒያ ዴላሬ ነበር። ሽልማት አንድ ስም ይፈልጋል፤ ሥራው ግን አንድ ስም የለውም። ኖዚክ ተመልካቹ 25 ሳንቲሙን የሚሰጠው ለቻምበርለይን ነው ሲል፣ ለቻምበርለይን ኳስ የሚያቀብለውን፣ የሚከላከልለትን፣ እንዲያውም ከእርሱ ጋር የሚፋለመውን ተቃራኒ ቡድን ረስቷል፤ ብቻውን ቆሞ ቅርጫት የሚያስቆጥርን ሰው ለማየት አንድ ሚሊዮን ሰው አይመጣም።

ይህ ሁሉ በወልቂጤና በቡታጅራ ላይ የሚያመጣው ጥያቄ አለ። ወልቂጤ ከተማ የእግር ኳስ ክለብ በ2012 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሲገባ፣ የከተማዋ ስም በየሳምንቱ በመላ አገሪቱ ተጠራ፤ ደስታውም እውነተኛ ነበር። በኢትዮጵያ የብዙ ክለቦች ወጪ የሚሸፈነው ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ድርጅት በጀት ስለሆነ፣ ተጫዋች ለክለቡ ምን ዕዳ አለበት የሚለው ጥያቄ ከሌላ ጥያቄ ጋር ይጋጠማል፤ ክለቡ ለከተማው ልጆች ምን ዕዳ አለበት? ከሌላ ቦታ ለመጣ ተጫዋች የሚከፈል ደመወዝ በሕዝብ ገንዘብ ሲሸፈን፣ በየቀበሌው ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ ግን እየታጠረ ለቤት መሥሪያና ለሱቅ ሲከፋፈል፣ ከተማው ፍሬውን እየገዛ ተክሉን እየነቀለ ነው። ይህ ነቀፋ በጉራጌ ከተሞች ላይ ብቻ የሚወድቅ አይደለም፤ ነገር ግን ጀፎረን የመሰለ ሐሳብ ያለው ሕዝብ ከተማ ሲሠራ ጀፎረውን ገጠር ትቶት መምጣቱ ከሌላው ይልቅ ያሳዝናል። የከተማ ፕላን ሲነደፍ የቅርጫት ኳስ ሜዳ፣ የመረብ ኳስ ሜዳ፣ ልጃገረዶች በነፃነት የሚውሉበት ሜዳ ቦታ ማግኘቱ እንደ ቅንጦት መቆጠሩ አባቶች በእንሰት መሬታቸው ላይ የወሰኑትን ውሳኔ የሚቃረን ነው።

በመጨረሻ የሚቀረው ከሁሉም የከበደ ተቃውሞ ነው። ችሎታው ሳይታይ ያለፈ ሰው፣ ለምሳሌ ቁመቷ ለቅርጫት ኳስ የተፈጠረ ቢሆንም ቅርጫት አይታ የማታውቅ የዘቢዳር ሥር ልጅ፣ በዚህ አስተሳሰብ ምን ቦታ አላት? ሮልስ ዕጣ አልወጣላትም ይላል፤ ኖዚክ ማንም ምንም አልወሰደባትም ይላል። በአደራ አስተሳሰብ ሲታይ ግን ጉዳዩ ይገለበጣል፤ እርሷ የምትከፍለው ዕዳ የለም፣ ለእርሷ የሚከፈል ዕዳ ግን አለ። የምሳሌው ጌታ ለእያንዳንዱ እንደ አቅሙ መክሊት ሰጥቶ ከሄደ፣ አቅም ኖሯት መክሊት ያልደረሳት ልጅ ካለች መክሊቷ በሌላ ሰው እጅ ቀርቷል ማለት ነው፤ የተሳካለት ነጋዴም፣ ዋንጫ ያነሣ ክለብም፣ ሜዳ የሚመራ ሹምም መጠየቅ ያለባቸው በእጃቸው ካለው ውስጥ የትኛው የእርሷ እንደሆነ ነው። ይህን ጥያቄ ከወልቂጤ ወጥቶ ለተሳካለት ስፖርተኛ ብቻ ማቅረብ ግን ተገቢ አይደለም፤ እርሱ ከሌሎቹ ይልቅ በአደባባይ ስለሚታይ ጣት ሁሉ ወደ እርሱ ይቀሰራል፣ በከተማው መካከል ያለውን የጋራ መሬት በዝምታ ያጠረው ሰው ግን ማንም ሳይጠይቀው ይኖራል።